ለኮር አይ3-12100ኤፍ የሚመጥን ርካሽ ግራፊክስ ካርድ

የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ ስም ሲገባላቸው "ይህን ያህል በመቶ ቦትልኔክ" (አንዱ ሌላውን ወደ ኋላ መጎተቱ) ብለው የሚመልሱ ድረ ገጾች አሉ። አትመኑባቸው። የትኛውን ጌም፣ በምን ሬዞሉሽን (የምስል ነጥቦች ብዛት)፣ በሰከንድ በስንት ፍሬም (ምስል) እንደምትጫወቱ ሳያውቁ የሚሰጡት ቁጥር ለመግዣ አይሆንም። በሰከንድ ቢበዛ ስንት ፍሬም እንደሚገኝ የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሬዞሉሽንና የምስል ጥራት ሲጨመር ሸክሙ በአብዛኛው ካርዱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን አቅም ማወቅ፣ ካርዱን ከዚያ መምረጥ ነው።

የኢንቴሉ አይ3-12100ኤፍ በ2022 መጀመሪያ ላይ የወጣ፣ 4 ኮርና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ያለው፣ እስከ 4.3 ጊጋሄርዝ የሚደርስ ፕሮሰሰር ነው። ለዋጋው ጎበዝ ነው፤ ባለ 60 ወይም ባለ 75 ሄርዝ ስክሪን ላይ አብዛኛውን ጌም ያለ ችግር ያስኬዳል። ሁልጊዜ 144 ፍሬም ለሚፈልግ ሰው ግን ውድ ካርድ መጨመር አያግዘውም፤ ገንዘቡ ወደ ፕሮሰሰሩ መሄድ አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ "ኤፍ" የምትለዋ ፊደል አብሮት የተሠራ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። የስክሪኑን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ብትሰኩት ምንም አይታይም፤ ካርዱ ቢበላሽም ኮምፒውተሩ ባዶ ስክሪን ይሆናል። ካርዱን ከወራት በኋላ ለመግዛት ያሰበ ሰው ኤፍ የሌለበትን 12100 ይግዛ።

ለዚህ ፕሮሰሰር የምመርጠው የኤኤምዲውን አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ 132 ዋት ይበላል፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይበቃዋል፣ በ1080ፒ ከፍ ባለ ሴቲንግ ያጫውታል። ሌላው ምክንያቴ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ነው። በዳይሬክትኤክስ 12 (ጌሞች ካርዱን የሚያዙበት የዊንዶውስ ሥርዓት) በሚሠሩ ጌሞች ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ከኤኤምዲው የበለጠ ሥራ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናል። ጠንካራ ፕሮሰሰር ላይ ይህ አይታወቅም፤ 4 ኮር ብቻ ሲኖር ግን ፍሬሙ ላይ ይታያል።

የኤንቪዲያውን አርቲኤክስ 3050 የሚገዛ ሰው በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ ካርዶች እንደሚሸጡ ይወቅ። ባለ 8 ጊጋባይቱ 2560 ኮርና 128 ቢት የሜሞሪ መንገድ አለው፣ 130 ዋት ይበላል። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ 2304 ኮርና 96 ቢት ነው፣ የሚበላውም 70 ዋት ብቻ ነው። በፍጥነት ሁለቱም ከ6600 ያንሳሉ። ባለ 6ቱ የሚመረጠው ፓወር ሰፕላዩ የካርድ ኬብል ለሌለው ሰው ነው። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ኤንቪዲያ ይሻላል፤ ኦፕቲክስ የተባለው የኤንቪዲያ የምስል ማውጫ ዘዴ የሚያተርፈው ጊዜ ብዙ ነው።

አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ዋጋው ያጓጓል፣ እኔ ግን አልመክረውም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው፣ ሜሞሪውም በአብዛኛው 4 ጊጋባይት ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ትርፉ ወደ ራም ይሄዳል፤ በዚያ ጠባብ መንገድ ሲመላለስ ጌሙ ይንቀጠቀጣል። በ12100ኤፍ ላይ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱና ማዘርቦርዱ የሚገናኙበት መንገድ) 4.0 ስላለ ጉዳቱ ይቀንሳል። ራይዘን 5 5500 ወይም 5600ጂ ያለው ሰው ግን ማዘርቦርዱ ምንም ቢሆን የሚያገኘው 3.0 ነው፤ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። ይህም ሳያንስ 6500 ኤክስቲ ቪዲዮ ኢንኮደር (ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል) የለውም። ጌም እየተጫወታችሁ በኦቢኤስ (የስክሪን መቅጃ ፕሮግራም) ብትቀዱ የመቅዳቱ ሥራ በሙሉ በእነዚያው 4 ኮሮች ላይ ይወድቃል። 6600 ባለ 8 መስመር ስለሆነ በ3.0 ላይም የሚያጣው ጥቂት ነው።

የኢንቴሉ አርክ ቢ580 12 ጊጋባይት ይዞ በ249 ዶላር ሲወጣ ብዙ ሰው ጓጉቶ ነበር። ሆኖም ድራይቨሩ ለፕሮሰሰር ከባድ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ የወጡ ሙከራዎች አነስተኛ ፕሮሰሰር ላይ ብዙ ፍሬም እንደሚያጣ አሳይተዋል። ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሴቲንግ) ካልበራለት ደግሞ ጭራሽ ይደክማል። ጥሩ ካርድ ነው፣ ግን ለሌላ ፕሮሰሰር።

ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈውን ትልቁን የዋት ቁጥር ተዉትና የ12 ቮልቱን መስመር አንብቡ። "500 ዋት" ተብሎ በ12 ቮልት 20 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ ያለው 240 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ እስከ 89፣ ካርዱ 132 ዋት ሲወስዱ ምን ያህል እንደሚተርፍ አስሉት። ትክክለኛ 450 ዋት በቂ ነው። ከሳታ ኬብል ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ግን በፍጹም አትጠቀሙ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሌላ ስሌት አላቸው። ቀጫጭኖቹ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች ቁመቱ አጭር የሆነ (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ብቻ ይቀበላሉ፣ ለካርድ የሚሆን የኃይል ኬብልም የላቸውም። ኦፕቲፕሌክስ 3020 በኤች81 ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ምክንያት በፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 የታሰረ ነው። ባለ 4 መስመሩ አርኤክስ 6400 እዚያ ላይ ይታነቃል፤ ባለ 16 መስመሩ ጂቲኤክስ 1650፣ አጭሩና ኬብል የማይፈልገው፣ ይሻለዋል።

ካርዱ ከመግባቱ በፊት ራሙን እዩ። አንድ 16 ጊጋባይት ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ በአንድ ቻናል የሚሠራ ራም ፕሮሰሰሩን ያለ ምክንያት ያዳክመዋል። ሪሳይዘብል ባር ለማብራት ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ሲኤስኤም (የድሮ አነሳስ ድጋፍ) መጥፋት አለበት። ሃርድ ዲስኩ በኤምቢአር (በድሮው የአከፋፈል ዘዴ) የተከፈለ ከሆነ ግን ሲኤስኤም እንደጠፋ ዊንዶውስ አይነሳም። ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ በዊንዶውሱ ኤምቢአር2ጂፒቲ ፕሮግራም ወደ ጂፒቲ (አዲሱ አከፋፈል) ቀይሩት፣ ሲኤስኤምን ከዚያ አጥፉ።

ጌሙ ሲቆራረጥ ጥፋተኛውን ለማወቅ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየውን ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ክፈቱ። ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ እየሠራ ከሆነ ገደቡ ካርዱ ነው። ካርዱ 60 እና 70 ላይ ሆኖ ፍሬሙ ከወረደ እያንዳንዱን ትሬድ ለየብቻ ተመልከቱ፤ የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ ድምር 65 በመቶ እያለ አንዱ ትሬድ 100 ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሬዞሉሽኑን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርዱት። ፍሬሙ ካልጨመረ ገደቡ ፕሮሰሰሩ ነው። ያኔ የሕዝብ ብዛትን፣ የእይታ ርቀትንና ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃን ስሌት) ቀንሱ፤ ቴክስቸሩ (የገጽታ ምስል ጥራት) የካርዱ ሜሞሪ እስከፈቀደ ባለበት ይቆይ፣ እሱ ፕሮሰሰሩን አይነካም። ፍሬሙንም 60 ላይ ገድቡት። ከ55 እስከ 90 ከሚዘል ጌም 60 ላይ የረጋው ለዓይን በጣም ይሻላል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ጂፒዩ-ዚን (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) ይክፈት። በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ስም የሚሸጡ፣ ባዮሳቸው የተቀየረ የድሮ ካርዶች አሉ፤ ፕሮግራሙ ብዙዎቹን ለይቶ "ሐሰተኛ" ብሎ ይጽፋል። 1050 ቲአይ ተብሎ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ካለው ተጠራጠሩ፤ የዚያ ትውልድ ቺፕ አናሎግ ምልክት አያወጣም። ከዚያ ካርዱን በሙሉ አቅም የሚያሠራውን ፈርማርክ 15 ደቂቃ አስኬዱ። 6600 ላይ የጂፒዩው (የካርዱ ቺፕ) ሙቀትና የሆትስፖቱ (በጣም የሚሞቀው ነጥብ) ልዩነት ከ30 ዲግሪ ካለፈ ሙቀት አስተላላፊው ፔስት መቀየር አለበት፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለቀለም መስመር ከታየ ግን ሜሞሪው ተጎድቷልና ዋጋው ምንም ቢሆን አትግዙት።