ባለ ስምንቱ ራም

ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ሜምቴስት የሚባለው ፕሮግራም የኮምፒውተሬን ራም፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ እየፈተሸ ነው፤ እስካሁን ስሕተት ዜሮ። ውጭው ውርጭ ነው፤ የደብረ ብርሃን ኅዳር ቤት ውስጥም ጣት ያደነዝዛል። ወንድሜ ባናውን ተከናንቦ ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን እጽፋለሁ።

አሮጌው ዴስክቶፕ 2 ጊጋ ራም ብቻ ነበረው። ሊኑክስ ሚንት የተባለ ስርዓተ ክወና ጭኜ የፈተና ወረቀት አዘጋጅበታለሁ። ጽሑፉን ከፍቼ ብሮውዘር ስጨምርበት ግን ራሙ ይሞላና ወደ ስዋፕ፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም ወደ መጠቀም፣ ይገባል። ያኔ ሃርድ ዲስኩ ይንኳኳል፣ ማውሱ ይቆማል፣ እኔም ሻይ ላፈላ እነሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ገዝቶልኝ መጣ። ሰካሁት፤ ማሽኑ ጮኸ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ነቅዬ ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁ፤ ያው። ቀዳዳ ቀየርኩ፤ ያው። ክቧን ባትሪ አውጥቼ ማሽኑን የሚያስነሳውን ባዮስ ወደ መነሻው መለስኩ፤ ያው። አሮጌውን ብቻ ስሰካ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል።

ይሄኔ ወንድሜ ላይ ዞርኩ። «ባናህን ለብሰህ ስትነካካው ነው ያቃጠልከው!» አልኩት። በደረቅ ብርድ ሱፍ ሲፋተግ የሚፈጥረው ብልጭታ ራም ሊገድል እንደሚችል ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩ ሰው ነኝ። «ጋሼ፣ እኔ ከፌስታሉ አላወጣሁትም» ብሎ ዝም አለ። እውነቱን ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባና ለብሼ።

የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲሚዲኮድ የሚባል ትእዛዝ ስጠይቀው ማዘርቦርዱ እስከ 8 ጊጋ እንደሚቀበል ይናገራል። ታዲያ ይህን 4 ጊጋ ምን አስጠላው? ኤልኤስፒሲአይ ብዬ ስጽፍ ቺፕሴቱ፣ ማለትም ራሙን ከፕሮሰሰሩ የሚያገናኘው ክፍል፣ የኢንቴል ጂ41 ሆኖ ተገኘ፤ ጉዱ እዚያ ነበር። ጂ41 የሚቀበለው ራሙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጥቁር ቺፕ ከ2 ጊጋቢት ካልበለጠ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4 ጊጋባይት ማለት 32 ጊጋቢት ነው፤ ለ16 ቺፕ ሲካፈል 2፣ ለ8 ሲካፈል 4 ይደርሳል። የእኔን እያገላበጥኩ ቆጠርኩ፦ በአንድ ጎኑ 8፣ ሌላው ጎኑ ባዶ። ራሙ ጤነኛ ነው፣ ለሌላ ማሽን። ሊኑክስን የረገምኩትም በከንቱ ነበር፤ ነገሩ ያበቃው እሱ ገና ሳይነሳ ነው።

ወንድሜ ዛሬ ያንን 130 ኪሎ ሜትር ዳግመኛ ሄደ። «በሁለቱም ጎን ስምንት ስምንት» ብዬ ወረቀት ላይ ሥዬ ሰጠሁት። ሻጩ ሳይከራከር ቀየረለት። ማታ ከአሮጌው 2 ጊጋ ጎን ስሰካው ተነሳ። ፍሪ የሚለው ትእዛዝ 5.7 ጊጋ አሳየኝ፤ ከ6 የጎደለችው ለግራፊክሱና ለከርነሉ፣ ለሊኑክስ እምብርት፣ የተያዘች ናት።

ሜምቴስት አንዱን ዙር ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል። ወንድሜ ተገላበጠ። ይቅርታ ገና አላልኩትም። ማታ በብርድ እየተንቀጠቀጠ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ቆጥረኸዋል?» ነበር።