ሽቅብ ሌሊት፣ ቁልቁል ቀን

ዋሽንግተን የገባሁት በ2000 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ከባቡር አያያዝ በፊት ያስጠናኝ የሰዓት ሒሳብ ነበር። «አንድ ሰዓት ጨምር፣ ከዚያ ቀኑን በሌሊት ገልብጠው» አለኝ። ልክ ነው። በፈረንጁ አቆጣጠር እዚህ ማታ 8 ሰዓት ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር አገር ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ኖቬምበር ላይ እዚህ ሰዓቱን ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ ጭማሪው ሁለት ይሆናል፣ ማርች ላይ ተመልሶ አንድ።

እኔ የያዝኩት የትምህርቱን ግማሽ ብቻ ኖሯል። አንድ ምሽት የስልክ ካርድ ገዝቼ፣ እማዬ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቡና እያፈላች ይሆናል ብዬ በታላቅ ወንድሜ ስልክ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ። «ሃሎ» የለ፣ ሰላምታ የለ።

«ማንን ነው?» አለኝ።

መንዝ ውስጥ በሌሊት የሚጮህ ስልክ መርዶ ነው። ከጓዳ የእማዬ ድምፅ ተሰማኝ፤ «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ...» ከማለቴ ካርዱ አለቀ። ሱቁ ተዘግቷል፣ የአክስቴ ልጅ የሌሊት ሥራ ሄዷል። እዚያ ቤት እስኪነጋ እሳት ተለኩሶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ የእኔ ነገር ሲለቀስ አድሯል። በማግስቱ ስደውል እማዬ ድምፄን ሰምታ እንኳ አላመነችም፤ የአባቴን በሬዎች ስም አንድ በአንድ አስጠርታኛለች።

እጄ ላይ ያለችው የእጅ ሰዓት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ከስድስት ዓመት በኋላ። ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። የሰው መኪና ሲያቆም የሚውል ሰው የሰው እጅ ማየት ይለምዳል፤ ቁልፍ የሚቀበለው ከእጅ ነውና። አንድ ጡረታ የወጣ ፓይለት ደንበኛ ነበረን። እጁ ላይ ያለችው ሰዓት ዙሪያዋ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው፣ ከተለመዱት ጠቋሚዎች ሌላ አንዲት ቀጭን ቀይ ጠቋሚ አለቻት። ምን እንደሆነች ጠየቅኩት፤ ቸኩሎ የነበረው ሰውዬ ሞተሩን አጥፍቶ አስረዳኝ። ሮሌክስ ይህችን ጂኤምቲ ማስተር የሚላትን ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራት ለፓን አም አየር መንገድ ፓይለቶች ነው። ባሕር ተሻግረው ሲሄዱ የሁለት አገር ሰዓት በአንድ ጊዜ እንዲያዩባት። ቀይዋ ጠቋሚ ዙሪያውን የምትጨርሰው በ12 ሰዓት ሳይሆን በ24 ሰዓት ስለሆነ ቀንና ሌሊቱን ትለያለች።

ቀንና ሌሊቱን ትለያለች! ለእኔ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በ2006 ዓ.ም. ያገለገለች አገኘሁ፣ 5,200 ዶላር። በጊዜው ምንዛሪ 100 ሺህ ብር ገደማ። ለምን ስልክ አይበቃህም የሚል ይኖራል። ይበቃኛል፤ ስልኬ የአዲስ አበባን ሰዓት በነፃ ያሳየኛል። እንዲያውም ባለባትሪ የ10 ዶላር ሰዓት ከእሷ ይልቅ ሰዓት ይጠብቃል፤ የእኔዋ በቀን ሁለት ሦስት ሴኮንድ ትሳሳታለች፣ ሁለት ቀን ካላሰርኳት ደግሞ ቀጥ ትላለች። መከራከሪያ የለኝም። ወደድኳት፣ ገዛኋት።

ግን ለሐበሻ የተሠራች የሚያስመስል ነገር አላት። ዙሪያዋ ባለው ቀለበት ላይ ቀዩ ግማሽ ከ6 እስከ 18 ነው፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12። ሰማያዊው ሌሊቱን ይዟል። ለፈረንጅ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ ቀለሙ መሐል ላይ የተቆረጠ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ቀዩ የሚጀምረው ቀናችን በሚጀምርበት ነው። ሌሊቱ ከላይ፣ ቀኑ ከታች ነው። ቁጥር ማንበብ ቀረ። ቀይዋ ጠቋሚ ሽቅብ ካየች እማዬ ተኝታለች፣ ቁልቁል ካየች ነቅታለች። ማርችና ኖቬምበር ላይ መሙያዋን አንድ ደረጃ ስቤ የዚህን አገር ሰዓት ብቻ አንድ ጊዜ ቀጭ አደርገዋለሁ፣ ቀይዋ ንቅንቅ አትልም። አገር ቤት ሰዓት የሚቀይር የለማ።

በ2008 ጥር ለጥምቀት ገባሁ። ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥለን በሞላሌ በኩል ስንሄድ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ቤት ስደርስ እማዬ በርኖስ ደርባብኝ ከእሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ። ጋሼ ወዲያው እጄን ያዘ።

«ይቺ ቆማለች እንዴ? ሦስት ሰዓት ነው፣ ያንተዋ ዘጠኝ ትላለች።»

የፈረንጅ አቆጣጠር ላይ እንደሆነች ነግሬው ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ ቀጭ ቀጭ አደረግኋት። እዚያ በቆየሁባቸው ሳምንታት አንድ ነገር ገረመኝ፦ እንዲያ ስትስተካከል ቀን የምትቀይረው ጎህ ሲቀድ ነው። እሑድ ሌሊቱን ሁሉ እሑድ ሆኖ ያድራል፣ ልክ እንደ መንዝ ሰው።

እማዬ ቀይዋን ጠቋሚ አሳየኋት። ሽቅቡንም ቁልቁሉንም አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ፀሐይ ስትወጣ ያንተዋ ትወርዳለች?» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ወረደች እንዴ?» ነው።

ጋሼ ግን የጠየቀው ዋጋዋን ነበር። «ይቺ ስንት በሬ ትሆናለች?» አለኝ። በዚያው ዓመት የእህል ወፍጮ ለማስተከል ገንዘብ ጠይቆኝ «እጅ አጥሮኛል» ብዬዋለሁ። ሰዓቷን ከእጄ ላይ እያየ መልስ ይጠብቃል። «ከሥራ ቦታ የሰጡኝ ናት» አልኩት። «ደጎች ናቸው» አለና ቆሎውን አቀረበልኝ። ስለ ወፍጮው በዚያ ጉዞ ደግሞ አላነሣም። እስከ ዛሬም አላነሣም፤ በኋላ ትንሽ ትንሽ እየላክሁ ረድቼዋለሁ፣ ወፍጮ ግን አይሆንም።

ባለፈው ወር የጋሼ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስልክ ያዘ፣ ኢንተርኔት ያዘ፣ ፎቶዬን አየ። አንድ ቀን መልእክት ላከልኝ፦ «አጎቴ፣ የሰዓትህን ዋጋ አይቼ ደነገጥኩ። ለአባዬ ስነግረው ግን ዝም አለኝ።»

ሥራ ላይ ነበርኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ ወንበሬ ላይ ሆኜ ቀይዋ ከሰማያዊው እስክትወጣ ጠበቅኩ። እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት፣ በፈረንጁ 11 ሲል 6 ቁጥሯ ላይ ደረሰች። ኪዳን አድርሰው እስኪመለሱ ሌላ አንድ ሰዓት ጨመርኩና ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ጋሼ ነው። ስለ ገብሱ ነገረኝ፣ ውርጭ መትቶታል። ስለ እማዬ ጉልበት ነገረኝ። ልጁ ዶርም እንዳገኘ ነገረኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና፦

«ያቺ ከሥራ ቦታ የሰጡህ ሰዓት ደኅና ናት?» አለኝ።

«ደኅና ናት ጋሼ» አልኩት።

«በል እማዬን እንካ» ብሎ ስልኩን አቀበላት።