ሰገነቱ ላይ ያዘዝኩት አሳ

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ቢሮ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበርኩ። አስተዳደር ሲባል ትልቅ ሥራ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን የቶነር ግዢ፣ የመኪና ስምሪት፣ የጽዳት ዕቃ፣ አንዳንዴም የተሰበረ የበር ቁልፍ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሆቴል ፍለጋ።

ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሐሙስ ስብሰባ፣ ዓርብ የመስክ ጉብኝትና ማታ እራት፣ ቅዳሜ ዕረፍት። ከእኛ ጋር ተደምሮ ለእራቱ 14 ሰው። አለቃዬ ጠራኝና «የዓርቡን እራት አደራ። ያ የለመድነው አዳራሽ አይሁን። ስታይል ያለው ቤት ፈልግ። ሐይቁ የሚታይበት፣ ሰው አረፍ ብሎ አንድ ሁለት የሚልበት» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሥራ በሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ቤት በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ ነው የሚሠራው። ሦስት ሆቴሎች ሄድኩ። አንዱ መሃል ከተማ ነው፤ ምግቡ የታወቀ ነው፣ ከመስኮቱ የሚታየው ግን የባጃጅ ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ሐይቁ ዳር ያለ የቆየ ቤት ነው። ትልልቅ ዛፎች፣ የእንጨት ወንበር፣ ቀለሙ የለቀቀ ጃንጥላ። እውነቱን ልናገር፣ ግቢውን አልፌ እንኳ በደንብ አላየሁትም። ሦስተኛው አዲስ ነበር። ከላይ እስከ ታች መስታወት። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሰገነቱን ሬስቶራንትና ባር አድርገውታል።

እሱን ያየሁት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሊፍቱ ተከፈተና ጣና ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከአገሩ ሐይቅ ሁሉ ትልቁ ነው። ከፍ ብለው ሲያዩት ደግሞ ማዶ የሚባል ነገር የለውም። በስተግራ የዘጌ ደን ጠቆር ብሎ ይታያል። ከታች አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ፣ ሳይቸኩል ወደ ከተማው ይቀዝፋል። ሶፋዎቹ ክሬም ቀለም አላቸው፤ ዝቅ ያሉ፣ ሰፋፊ። ከፊታቸው ጉልበት የማይደርሱ ጠረጴዛዎች። የሽያጭ ሠራተኛዋ ማኪያቶ በብርጭቆ አስቀርባልኝ «ፀሐይ ስትጠልቅ ብታየው ደግሞ!» አለችኝ።

ልቤ እዚያው ቀረ። ሃያ የሚሆን ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «በቃ እሱ ነው» አለ።

ምግቡን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አሳ። የቆሮሶ ጥብስ፣ አሳ ጉላሽ፣ የአሳ ሾርባ። በእኔ ሒሳብ አሳ ማንንም አያስከፋም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ደግሞስ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ የጣና አሳ የማይበላ ማን አለ? ዓርብ መሆኑንም ረስቼው አይደለም። እንዲያውም አሳ ያልኩት ዓርብ ስለሆነ ነው። በራሴ ብልጠት ፈገግ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል።

ዓርብ ማታ 1:30 ላይ ደረስን።

ሊፍቱ ተከፈተ። ጣና የለም።

ከእንግዶቹ አንዷ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ «ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አለች። «ፊት ለፊትሽ» አልኳት። ውጪው ጨለማ፣ ውስጡ መብራት ስለሆነ መስታወቱ መስታወት ሆኗል። የሚታየው የእኛው ፊት ነው። አሥራ አራት ሰው ተሰልፎ ራሱን ያያል። በጥቅምት መጨረሻ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔ እንኳ 1 ሰዓት አይሞላም። ይህን ለማወቅ የተለየ ትምህርት አያስፈልግም፤ እዚያው ከተማ ነው የምኖረው። ግን እራት 1:30 ብዬ ስጽፍና «የሐይቅ እይታ» ብዬ ስጽፍ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጣልተው እንደተቀመጡ አላየሁም።

ቀጥሎ ሶፋው። ከእንግዶቹ መካከል ለጡረታ የተቃረቡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ በመስክ ሲንከራተቱ ውለዋል። «እፎይ» ብለው ተቀመጡ፤ ሶፋው ዋጣቸው። ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። ሾርባው መጣና እታች፣ ቅልጥማቸው ትይዩ ተቀመጠ። ጋሼ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩት። አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ወደ ሳህኑ አጎነበሱ። ማንኪያው ግማሽ መንገድ ሲደርስ ተንጠባጠበ። ቀና አሉና «ልጄ፣ ይሄ ወንበር የሚተኛበት ነው የሚበላበት?» አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ግሎ ነበር። ማክሰኞ ያን ሁሉ ፎቶ ሳነሳ አንዴ እንኳ ቁጭ ብዬ አልሞከርኩትም። ማኪያቶውን የጠጣሁት ቆሜ ነው።

ከዚያ አሳው መጣ። ያማረ አሳ ነበር፤ ይሄን አልክድም። ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሎሚ ተቆርጦለት። ጠረጴዛው ግን ለሁለት ተከፈለ። ከ14ቱ 9ኙ ጿሚ ነበሩ። ከ9ኙ ሦስቱ «አሳ ምን አለው» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ስድስቱ «ለእኛ አሳም ፍስክ ነው» አሉ። ይህ ክርክር በየቤቱ ያለ ነው፤ በአንድ እራት አይፈታም። አንዷ እንግዳ ለእኔ አዝና «ግድ የለም፣ ድንች ጥብስም ይበቃኛል» አለች። አስተናጋጁን «ዘይቱ ለብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ወጥ ቤት ደርሶ ተመለሰና «እኅቴ፣ አሳው የተጠበሰበት ነው» አላት። ድንቹም ቀረ።

ሽሮ ይሠራ ተባለ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሽሮው ሲመጣ እኔ ራሴ አላወቅሁትም። እንደ ሰሌዳ የጠቆረ ጠፍጣፋ ሳህን። መሃሉ ላይ ስኒ በምታክል ዕቃ ውስጥ ሽሮ። በላዩ አንዲት የበሶብላ ቅጠል። ከጎኑ ጣት ጣት አክለው የተጠቀለሉ ሦስት የእንጀራ ቁራጮች። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ከንጋት ጀምሮ መስክ የዋለ፣ ያውም የጾመ ሰው ፊት ነው የተቀመጠው። ጋሼ ትንሿን ስኒ አንስተው አገላብጠው አዩአት። «ቅምሻው ይሄ ነው፤ ዋናው መቼ ይመጣል?» አሉ።

3 ሰዓት ሲሆን ዲጄው ጀመረ። አለቃዬ የምስጋና ንግግር ሊያደርግ ቆሞ ነበር። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮጬ ለኃላፊው «ትንሽ ቀነስ ብታደርጉልን?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ጌታዬ፣ ዓርብ ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ዙሪያውን ሳይ ቤቱ ሞልቷል። ወጣቶች ናቸው፤ ለብሰው፣ አምሮባቸው፣ መጠጣቸውን ይዘው። ሶፋው ለእነሱ ምቹ ነው። ሙዚቃውም የእነሱ ነው። ቤቱ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነበር። ቦታውን የሳትነው እኛ ነን።

ሒሳቡ የመጣው ከመውጣታችን በፊት ነው። በሰው 300 ብር፣ ለ14 ሰው 4,200 ብር ብዬ ነበር ያስፈቀድኩት። ደረሰኙ ለምግቡ ብቻ 5,313 ይላል። ፕሮፎርማው ላይ ከዋጋው ጎን ሁለት ትንንሽ የመደመር ምልክቶች ነበሩ። ፕላስ ፕላስ። አንዱ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ አንዱ 15 በመቶ ቫት። ቫቱ የሚሰላው ደግሞ የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ነው። 4,200 ላይ 420 ሲጨመር 4,620፤ እዚያ ላይ 693። ሁለቱን ስታዩ 25 በመቶ ይመስላል፤ ሲሰላ 26.5 ነው። ሰኞ የፋይናንስ ኃላፊዋ ወረቀቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካካች «ይሄን አላየኸውም?» አለችኝ። አላየሁትም። መጠጡን ገና አልደረሰችበትም ነበር።

ያን ዕለት ማታ እንግዶቹን ወደ ማረፊያቸው ካደረስን በኋላ ከሹፌራችን ጋር መኪና ውስጥ ቀረን። አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ባሕር ዳርን በየጓዳዋ ያውቋታል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ብዙ ሳቁ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው ሄደህ ያየኸው?» አሉኝ።

«ማክሰኞ ጠዋት።»

«ማክሰኞ ጠዋት የማያምር ሆቴል እስቲ አሳየኝ!»

እሳቸው የበሉት ከሆቴሉ ጀርባ፣ አንዲት ሴት ቤት ነው። በያይነት፣ ትሪው ሙሉ። ይህን ሲነግሩኝ ሆዴ ጮኸ። ለካ እኔም አልበላሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ በጀልባ ዘጌ ሄዱ። እሱን ያቀናጁት ሹፌራችን ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ በጊዜ አስነሷቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው፣ የጫካውን ቡና ጠጥተው ተመለሱ። 10 ሰዓት ላይ ያን አልፌው የነበረውን የቆየ ቤት ግቢ ገባን። ይህም የእሳቸው ሐሳብ ነው።

ስታይል አትሉት። ወንበሩ ይንቃቃል። የአስተናጋጁ ሸሚዝ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ግን ጠረጴዛው የጠረጴዛ ቁመት አለው። ውሃው ድንጋዩን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ይሰማል። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ እግራቸውን ዘረጉ። አንዱ ድራፍት፣ አንዱ አምቦ ውሃ፣ አንዱ ቡና ያዘ። አሳም ተበላ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ያመጣው አሳ፣ ቅዳሜ ሲሆን የጠላው አልነበረም። 12 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ወረደች። የማክሰኞዋ ሠራተኛ «ብታየው ደግሞ» ያለችውን ያየሁት እዚህ ነው፤ በነጻ። አለቃዬ የዓርቡን ንግግር እንደገና አደረገ። አጭር ነበር፤ ያም ጥሩ ነው።

ግቢው እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ከክረምት በኋላ ሐይቁ ዳር ሲመሽ የቢንቢ ነገር አይነሳ። 12:30 ላይ ሁሉም ቁርጭምጭሚቱን ማከክ ጀመረ፤ ተነሳን። እራት እዚያ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሆቴል የማየው በዝግጅቱ ቀንና በዝግጅቱ ሰዓት ነው። የዓርብ እራት ከሆነ፣ ከሳምንት በፊት ባለው ዓርብ 1:30 ላይ ብቻዬን ሄጄ እቀመጣለሁ። ማኪያቶ አዝዤ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ እቆጥራለሁ። አንድ ማኪያቶ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ፣ ለ14 ሰው ምን ሊሆን ነው? ወጥ ቤቱን «ለጾም የተለየ መጥበሻ አላችሁ?» እላለሁ። «አለን» ካሉኝ «ላየው» እላለሁ፤ መጀመሪያ ያፈጡብኛል፣ ከዚያ ያሳዩኛል። ዋጋውን «ሁሉንም ጨምሮ በሰው ስንት?» ብዬ በጽሑፍ እቀበላለሁ። መጸዳጃ ቤቱን ሳላይ አልወጣም። እንግዶቹን ደግሞ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነበር። አንድ የስልክ መልእክት ነው፤ ያን ጊዜ ግን በራሴ ብልጠት ተማምኜ አልላክሁም።

ያ የመስታወት ቤት ግን ከሆዴ አልወጣም ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። እንግዳ የለ፣ ፕሮፎርማ የለ። 11 ሰዓት ላይ ሶፋው ውስጥ ሰጠምን፤ ለሁለት ሰው ሲሆን መስጠሙ ራሱ ደስ ይላል። ፀሐይዋ መውረድ ጀመረች። ባለቤቴ ስልኳን አወጣች። ያ ጨዋ አስተናጋጅ ሜኑ ይዞ መጣና ዓይኔን አየት አደረገኝ፤ ትንሽ አሰበ።

«ጌታዬ፣» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ሽሮ ላምጣ?»