የሚሸተው ጭቃ

ዛሬ ባሕር ዳርቻ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ «ይሄን ቁጥቋጦ መንጥረው ለምን አሸዋ አያለብሱትም?» አለኝ። ማንግሮቩን ነው፤ ባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅለውን ዛፍ። እውነት ለመናገር ሽታው አይጣል ነው፤ የተበላሸ እንቁላል በሉት።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጣት የሚያካክሉ ሥሮች ከጭቃው ሽቅብ በቅለዋል። ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ዛፎቹ አየር የሚስቡት በነሱ ነው። በመሃላቸው ከጥፍር የማትበልጥ የዓሣ ጫጩት ትሹለከለካለች። ትልልቆቹ ዓሦች እዚያ ገብተው አይበሏትም።

ሽታውም የሚመጣው ከዚያው ከኦክስጅን እጦት ነው። በዚሁ ምክንያት የረገፈው ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ካርቦኑ ለዘመናት ተቀብሮ ይቆያል። ማንግሮቩ ተመንጥሮ ለሽሪምፕ (ለምግብ የሚሆን ትንሽ የባሕር እንስሳ) እርባታ ኩሬ ሲቆፈር ግን ካርቦኑ ወደ አየር ይወጣል። ማዕበሉም የሚያበርደው ያጣል። መልሶ መትከል አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ ችግኙን ውሃ የሚበዛበት ቦታ ተክለው ይሞትባቸዋል።