በ329 ዶላር የወጣ ግራፊክስ ካርድ በ489 ገዝቼ ደስ ያለኝ ጊዜ

ሙሽራዋ ከሊሞ ስትወርድ ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ መስመር መጣ። ቪዲዮው የተበላሸ መስሎኝ ወደ ኋላ መለስኩት፤ መስመሩ ሜኑውም ላይ አለ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሳበራው ምስል የሚባል ነገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሐበሻን ሰርግና መልስ ኤዲት ያደረግኩበት ጂቲኤክስ 1060 የሚባለው ግራፊክስ ካርዴ፣ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ አረፈ። ጊዜው ማርች 2021 ነው። ካርዱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሞት ምን ነበረበት!

አዲሱ ካርድ አርቲኤክስ 3060 ገና ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ በ329 ዶላር ወጥቷል። ይህ ዋጋ ግን ወሬ ብቻ ነበር፤ ከአትራፊዎች እጅ ከ700 በታች አላገኘሁም። ኮሮና ሰዉን ቤት አስቀምጦ ኮምፒውተር ፈላጊው በዝቷል፣ የቺፕ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ ማድረስ አቅቷቸዋል፣ አሜሪካ ከቻይና በሚገቡ ካርዶች ላይ የጣለችው 25 በመቶ ቀረጥም ከጃንዋሪ ጀምሮ ተመልሷል። የካርዶቹ አምራች ኤንቪዲያ በ2016 በ139 ዶላር ያወጣውን 1050 ቲአይ ሳይቀር እንደገና ወደ ገበያ መልሶ ነበር። ያ አሮጌ ካርድ ነው እኔን ያሞኘኝ።

መጀመሪያ ግን እጣ ሞከርኩ። አንድ የኢንተርኔት መደብር ካርድ በእጣ ይሸጥ ስለነበር በየቀኑ እመዘገባለሁ፣ በየቀኑ አይወጣልኝም፤ ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም። አንዴ ቢወጣልኝ ከካርዱ ጋር የማልፈልገውን ማዘርቦርድ ካልገዛህ ተባልኩ። ስኳር ሲጠፋ «ሳሙና ጨምር» የሚለው የሰፈራችን ባለሱቅ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ከዚያ አንድ ልጅ ያገለገለ 1050 ቲአይ በ220 እሸጣለሁ አለ። ነዳጅ ማደያ ተገናኘን፤ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት። ቤት ሰካሁት፣ ዊንዶውስ 1050 ቲአይ ብሎ አነበበው፣ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙን ሪዞልቭን ስከፍት ተንጠልጥሎ ቀረ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ሳስነሳው ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ጻፈልኝ። ከአሥር ዓመት በላይ የኖረ ካርድ ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ ማንነቱን የሚናገረውን ፕሮግራም) ቀይረው አዲስ ስም አውጥተውለታል። የሚያናድደው ማጭበርበሩ በዓይን ይታይ ነበር፦ ኋላው ላይ የድሮ ስክሪን ገመድ የሚሰካበት ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ አለው። የ1050 ቲአይ ትውልድ ቪጂኤ የተወበት ነው። ማደያው መብራት ሥር አገላብጬ ባየው ኖሮ 220 ዶላሬ ኪሴ ነበር። ልጁ ስልኩን አላነሳም።

ሥራው ግን አይጠብቅም፣ የሙሽሮቹ እናት በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ሰርጉ ሳይደርስልን ክርስትናው ሊደርስ ነው!» አሉኝ። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ግራፊክስ መሥራት ጀመርኩ። የ4ኬ ቪዲዮውን ሌሊት ወደ ትንንሽ ፕሮክሲ (ጥራቱ የቀነሰ ቀላል ቅጂ) እቀይርና ቀን በፕሮክሲው እቆርጣለሁ፤ ሲያልቅ ዋናውን ኤክስፖርት ላይ ጥዬ እተኛለሁ። ቀለም ማስተካከሉ ስቃይ ነበር፤ መቁረጡ ግን ከድሮው ብዙም አልዘገየም። ስምንት ሰርግ እንዲህ ወጣ። ይህን ዘዴ በመጀመሪያው ሳምንት ባውቀው ማደያ ድረስ ባልሄድኩ።

ዲሴምበር ላይ ሜሪላንድ ሮክቪል ወዳለው የኮምፒውተር መደብር፣ ማይክሮ ሴንተር፣ ሄድኩ። እዚያ ካርድ የሚሸጠው በአካል ለመጣ ሰው ብቻ ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ከፊቴ ተጣጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ከፔርሙስ ቡና እየቀዳ በአማርኛ ስልክ ያወራል። ሲጨርስ ለእኔም ቀዳልኝ። ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ቤዝመንቱ ውስጥ ደግሞ ስድስት ካርድ ኤቴሪየም፣ ሳንቲሙ ኤተር የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ፣ ያመርቱለታል። «ሚስቴ በክረምት ማሞቂያ አያስፈልገንም ትላለች፤ በበጋ ግን ከቤት ልታስወጣኝ ነው» አለኝ። እኔ ስምንት ወር የተሰቃየሁት ለዚህ ማምረቻ ካርዱን በሚሻሙት በእሱና በመሰሎቹ መሆኑን ስነግረው ሳቀ።

«ወንድሜ፣ አንተ የካርድ ዋጋ ታያለህ። እኔ የኤተርን ነው የማየው። አንዱ ካርድ በቀን ሦስት አራት ዶላር እስካመጣልኝ ድረስ ባለሱቁ የፈለገውን ይጥራ፣ እከፍላለሁ። ኤተር ሲወድቅ ግን ማንም አይገዛውም። ካልቸኮልክ ያኔ ግዛ።»

እኔ ቸኩያለሁ። አንድ 3060 በ489 ዶላር ገዛሁ፤ ከ700 ስላመለጥኩ ደስ እያለኝ ወጣሁ። ሰውየው ግን ልክ ነበር። በኖቬምበር 2021 ከ4,800 ዶላር በላይ ደርሶ የነበረው ኤተር በጁን 2022 ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከ1,000 በታች ወረደ፤ ካርዶቹም ተከትለው ወረዱ። ሴፕቴምበር 15 ላይ ኤቴሪየም በካርድ መመረቱ ጭራሽ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፤ ባለፔርሙሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ስድስት ካርድ አለኝ። ለአንተ ስለሆነ በርካሽ...»

«ሰማያዊ ቀዳዳ አላቸው?» አልኩት።

ምን እንደምል አልገባውም።