ሰማያዊው መብራትና የሒሳብ ክፍሉ ጀግና

ስልኩን ሳነሳ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። «ቶሎ ድረስ! ሰርቨሩ ሰማያዊ እያበራ ነው!» አሉኝ። ሰርቨሩ የመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው፤ አነጋገራቸው ግን እሳት የተነሳ ነው የሚመስለው።

ስደርስ ሰው በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ግጥም ብሏል። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን እሳት ማጥፊያውን ታቅፎ ከፊት ቆሟል። «አትቅረብ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ይላል። የሰማያዊው መብራት ሥራ እኮ እሱ ነው። ራክ በሚባለው የብረት መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ሰርቨሮችን ከኋላ ዞራችሁ ብታዩዋቸው አንዱን ካንዱ መለየት ጭንቅ ነው፣ ያ ሁሉ ኬብል ተጠላልፎ፤ ስለዚህ ከፊት ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስትጫኗት ከፊትም ከኋላም ሰማያዊ ይበራና የምትፈልጉትን ማሽን ታገኙታላችሁ። «እዚህ ነኝ» ማለቱ ነው እንጂ «ልሞት ነው» ማለቱ አይደለም። አንዱ ሲያልፍ በክርኑ ነክቶት ይሆናል። ቁልፏን ጫን አደረግኳት፣ ጠፋ።

«ገደልከው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ፊት ለፊቱን ሳየው አንዱ የዲስክ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። «እዚህ የነበረው ዲስክ የት ሄደ?» አልኩ።

«አወጣሁት» አለ ጀግናችን፣ ደረቱን ነፍቶ። «ከሁሉም አብዝቶ ብልጭ ድርግም የሚለው እሱ ነበር። በሽታው እሱ ጋ ነው።»

የዲስክ አረንጓዴ ብልጭታ ማለት እኮ እያነበበ ወይም እየጻፈ ነው ማለት ነው። ምስኪኑ ሥራ ላይ ነበር! ልብ የሚያስደነግጠው ብርቱካናማው ነው። ከሁሉም በርትቶ የሚሠራውን መርጦ ማባረር (ይህን እንኳ ሰርቨር በሌለበትም መሥሪያ ቤት አይቻለሁ)። ደግነቱ አራቱ ዲስኮች በሬይድ 5 (ዳታውን ከመጠባበቂያ መረጃ ጋር በዲስኮቹ ላይ አከፋፍሎ በሚያስቀምጥ ዘዴ) የተዋቀሩ ናቸው፣ አንዱ ቢጎድል ሦስቱ ዳታውን ይዘው ይቀጥላሉ። ሁለተኛውንም ቢመዘው ኖሮ ግን እሳት ማጥፊያውም አያድነንም ነበር።

«እሺ፣ አሁን የት ነው ያለው?»

«ትኩስ ስለነበር ቬንቲሌተር ፊት አሳረፍኩት።»

ሄደን አየነው። እውነትም መሀረብ ተነጥፎለት ተኝቷል፣ ንፋስ እየተመታ። አምጥቼ ቦታው ሰካሁት፣ ሰርቨሩም የጎደለውን መልሶ መገንባት ጀመረ። ይህ ሰዓታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም እንዳይነቅል ብዬ አስጠነቀቅኩ፣ ዓይኔ አንድ ሰው ላይ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ፋይል አልከፈት አለ። ጀግናው ለካ ኔትወርኩንም አክሞታል! «የድሮው ቀዳዳ ደክሞት ይሆናል ብዬ ኬብሉን ወዳላገለገለው አዛወርኩት» አለኝ። ያላገለገለው የሚለው ሰርቨሩን ከሩቅ ማስተዳደሪያውን ፖርት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ፣ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ፣ በዚያ በኩል ገብታችሁ ልታስነሱት ትችላላችሁ። የሠራተኛ ፋይል ግን በዚያ አያልፍም። ሁለቱም አርጄ 45 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ስለሆኑ ኬብሉ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ የመፍቻ ምስል ደግሞ ማን ያያታል?

«አረንጓዴ በርቷል እኮ!» ብሎ ተሟገተኝ። ያቺ መብራት የምትነግራችሁ ገመዱ ወዲያ ማዶ ካለ መሣሪያ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው። ትክክለኛው ቦታ መሆኑን አትመሰክርም። ኬብሉን መለስኩት፣ ፋይሉም ተከፈተ።

ልወጣ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ከራኩ ኋላ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ የበራውን ሁሉ ስታዩ ዋላችሁ። ይሄኛው ለምን አይበራም?»

ዞሬ አየሁ። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ክፍል) አለው። የአንዱ መብራት አረንጓዴ፣ የሌላው ድርግም። አንዱ ብቻውን ስለሚችለው ማሽኑ አልጠፋም እንጂ ያም ቢቋረጥ ሁላችንም ወደ ቤታችን ነበር። ገመዱን እየተከተልኩ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። የሰርቨሩ መሰኪያ መሬት ወድቋል። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል።

ሁላችንም ወደ ሒሳብ ክፍሉ ሰው ዞርን።

«በእናቴ እምላለሁ፣ የኔ አይደለም!» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እ... ገና 60 ፐርሰንት ነው፣ ትንሽ ብትታገሱኝ።»