«ይሄ ምን አድርግ ይላል?» ጎንደር ላይ ጽሑፍ የሌለው ምልክት ስሞክር

ከመስከረም ወዲህ የያዘኝ አባዜ አለ። ለጥምቀት ጎንደር የሚገባ እንግዳ፣ አማርኛ አነበበም አላነበበም፣ አይቶ የሚረዳውን ምልክት መሳል። ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ አታንሱ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመጠጥ ውሃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ። ያዘዘኝ የለም፤ የሚከፍለኝም የለም። ቀን ቀን ፒያሳ ባነርና የሰርግ ካርድ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እነዚህን። እዚህ የምጽፈው በግራፊክስ እጃቸውን እያፍታቱ ላሉ ልጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ከሥዕሉ በፊት መስተካከል ያለበት ጥያቄው ነው። ለሰው አሳይታችሁ «እንዴት ነው?» ካላችሁት «ያምራል፣ በርታ» ይላችኋል። ይሉኝታ ያለበት አገር ነው። ፊት ለፊት «አልገባኝም» የሚል ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው «ይሄ ምን አድርግ ይላል?» ብዬ ነው። ከዚያ ዝም። ዝም ማለቱ ከመሳሉ ይከብዳል፤ አፌ ላስረዳ ላስረዳ ይላል።

ትልልቆቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ለጨረር አደጋ የሚለጠፈው ቢጫና ጥቁር ምልክት፣ ያ ባለ ሦስት ክንፉ፣ ምንነቱን ያልተማረ ሰው ሲያየው ምንም አያስፈራም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጨማሪ ምልክት ሲያወጣ በ11 አገሮች ሰው ላይ ሞክሮ ነው። የተመረጠው ቀይ ሆኖ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለበት። አያምርም፤ ግን ያስሮጣል።

የኔን «ጫማ አውልቁ» እንውሰድ። የመጀመሪያው ንድፍ የታወቀው ዓይነት ነበር፤ ቀይ ክብ፣ ውስጡ የቆዳ ጫማ፣ በላዩ ሰያፍ ቀይ መስመር። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ወዲያው «ክልክል» አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን ጫማውን ትኩር ብሎ አየና «ሸራ ጫማ ይቻላላ?» አለኝ። ከወገራ ለገበያ የመጡ እናት ደግሞ ጫማውን ትተው መስመሩን ያዙት። «ይሄ ዱላ ምን ይሠራል?» እውነታቸውን ነው። ሰያፍ መስመር «አይቻልም» የሚለው የመንገድ ምልክት ለለመደ ዓይን ነው። ለሌላው ዱላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከተሰቀለማ መቋሚያ ነው። አሁን ያለው ንድፍ ላይ ክብም መስመርም የለም። ጎንበስ ያለ ሰው፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ ከሌላው እግሩ ጫማውን በእጁ እየሳበ፣ የወለቀው አጠገቡ። ክልከላውን ትቼ ድርጊቱን ሳልኩት ማለት ነው። ይህኛውን የሳተ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሥዕል በልምድ እንደሚነበብ ለማየት ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡ። ቱሪስቱ አንገቱን ቀና አድርጎ የጣራውን መላእክት ሲቆጥር እናንተ ግድግዳው ላይ ዓይኖችን እዩ። ጻድቁ፣ ሰማዕቱ፣ መልአኩ ፊቱን ወደኛ መልሷል፤ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉው በጎን ይሳላል፤ ያለው አንድ ዓይን ነው። ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። ይሄ ደንብ የቆየ ነው፤ የአድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይም የኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ጣሊያኖቹ በጎን።

አንድ ቀን አንድ ጀርመናዊ ጎብኚ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት። በጎን የተሳሉትን ሲያይ ክፋት አልታየውም። እንዲያውም ጎናቸውን የሰጡት ሰዎች ትልልቅ ባለሥልጣናት ሊሆኑ ይችላሉ አለ፤ አገሩ ሳንቲም ላይ የለመደው ነገሥታት እንደዚያ ናቸውና። ሳቄ መጣ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ቀረ፤ የኛስ ሳንቲም? አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ማርትሬዛ ብር፣ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት በጎን ነው የሚያሳየው። የምኒልክ ብርም ንጉሡን በጎን ነው ያተመው። ያው አንድ ሰው እሑድ ጠዋት ግድግዳ ላይ በጎን የተሳለውን ከሃዲ ያያል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ደግሞ በጎን የተሳለች ንግሥት ይቆጥራል። አልተምታታበትም። ሥዕሉ የት ላይ እንዳለ አብሮ ያነባላ። ከዚያ ወዲህ ንድፎቼን ስልክ ላይ ብቻ ማሳየት ትቻለሁ። አትሜ፣ ሊሰቀሉ በታሰቡበት ዓይነት ቦታ ይዤ እቆማለሁ። ዕድሜያቸው ጠና ያሉ ሰዎች ስልክ ሲያዩ የሚያዩት ስልኩን ነው፤ «ውድ ነው አይደል?» ይሉኛል።

ይሄን የሚመስል ጥናትም አለ። ዴሬጎውስኪ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ የሜኤን ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳዩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። ሥዕሎቹን ወረቀት ላይ አላደረጓቸውም፤ ወረቀት ለነዋሪዎቹ እንግዳ ስለነበር ቀደም ሲል ሲሰጣቸው የሚይዙትና የሚያሸቱት ወረቀቱን ነበር። ሻካራ ጨርቅ ላይ ሲሳል ግን ብዙዎቹ እንስሳውን ለዩት፤ አንዳንዱ ቀስ እያለ፣ ጅራቱን፣ ከዚያ እግሩን እያለ። የባነር ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች ይሄን ልብ በሉ።

ከሁሉ ያደከመኝ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ዓለም የተስማማበት ምልክት ሱሪ የለበሰ ወንድና ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት፤ ቀሚሱ ሦስት ማዕዘን። አሁን ጥምቀት ላይ ያለውን ወንድ አስቡት። ካህኑ ቀሚስ ነው የለበሰው። ሽማግሌው ጋቢውን እስከ ጉልበቱ ደርቧል። ከሩቅ በጥላ ብታዩአቸው ሁለቱም ሦስት ማዕዘን ናቸው! ስለዚህ ወንዱን ዱላ በትከሻው አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ ጥሎ ሳልኩት። ያየው ሁሉ፣ ከተሜውም ገጠሬውም፣ ወንድ መሆኑን አወቀ። ለሴቷ እንስራ አሸከምኳትና እህቴ ጋ ወሰድኳት። «ሽንት ቤት ለመሄድም ውሃ መቅዳት አለብን?» አለችኝ። እንስራው ወረደ። አሁን ሹሩባና ነጠላ ላይ ነኝ።

ነጠላው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የተለጠፈ የክትባት ፖስተር አይቻለሁ፤ የት እንደተሠራ እንተወው። እናት ልጇን አቅፋ ትስቃለች፣ ጥርሷ ፍንትው ብሏል። ነጠላዋን ግን አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቷ ሥር። አክስቴ አብራኝ ነበረች። ልጁንም መርፌውንም አላየችም። «ውይ ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ነው?» አለች። ሠሪው ጥለቱ ፊቷ አጠገብ ሲሆን ቀለሙ አምሮበት ይሆናል። ለአክስቴ ግን ፖስተሩ መርዶ ነው። ሴት ስትሳል ነጠላዋ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ተጣፍቷል ወይስ ተዘቅዝቋል ብላችሁ ሳትጠይቁ እጃችሁን አታንሱ። ሞዴል ፍለጋ ኢንተርኔት ውስጥ ከመግባት እሑድ ጠዋት አንድ ደጀ ሰላም ፊት ለፊት ቁጭ ማለት ይሻላል።

በዚህ በኩል የማደንቃት ንድፍ ሠሪዋ ማሪ ኖይራት ናት። እሷና ኦቶ ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቪየና ላይ የጀመሩት፣ በኋላ አይሶታይፕ የተባለው መረጃን በቀላል ሥዕል የማስረዳት ዘዴ ለዛሬው የምልክት ሥራ ሁሉ አባት ነው ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ ለምዕራብ ናይጄሪያ ስትሠራ የቪየናውን ባለ ኮት ሰውዬ ተሸክማ አልሄደችም። ልብሱን፣ ቤቱን እዚያው አይታ እንደገና አሳለችው። አይሶታይፕ «ለዓለም ሁሉ አንድ ሥዕል» ነው ብለው የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ይሄን አይነግሯችሁም።

ለመጀመሪያ እርዳታ አጭር ነገር። ደንበኛ መጥቶ «ክሊኒክ ነው፣ ቀይ መስቀል አድርግበት» ሲላችሁ እሺ አትበሉ። ነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል በጄኔቫ ስምምነት የተጠበቀ አርማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ። ለጌጥ አይሆንም። የመጀመሪያ እርዳታ ዓለም አቀፍ ምልክት አረንጓዴ ላይ ነጭ መስቀል ነው። ያ ቀይ መስቀል ራሱም ቢሆን ለሁሉም አንድ አልነበረም። የስዊዘርላንድ ባንዲራ ቀለሙ ተገልብጦ የተሠራ ነው፤ ኦቶማኖች ግን መስቀሉ ሃይማኖት መስሎ ስለታያቸው በ1876 በቀይ ጨረቃ ተኩት። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከሁለቱም ነጻ የሆነ ቀይ ክሪስታል ተጨመረ።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይሄ ነው። ጫማ አልቋል፣ ውሃ አልቋል (ቧንቧና ብርጭቆ፤ ቀላል ነበር)። ፎቶ አታንሱ ያለ ሰያፍ መስመር አልሆን ብሎኛል፤ መዳፍ ዘርግቶ ካሜራውን የሚከልል እጅ እየሞከርኩ ነው።

በመሀል አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ወዳጄ ለመድኃኒት አወሳሰድ ሥዕል ጠየቀኝ። ሰዓት መሳል እንደማይሆን ወዲያው ተግባባን። አጭሩ ዘንግ 8 ላይ ቢሆን ግማሹ ሰው ሁለት ሰዓት፣ ግማሹ ስምንት ሰዓት ይላል። ስለዚህ ከተራራ ብቅ የምትል ፀሐይና የተከፈተ መሶብ ሳልኩ፤ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ። ወዳጄ አየውና «ዐቢይ ጾም ላይስ?» አለኝ። ጿሚው መሶብ የሚከፍተው ከሰዓት ነው፤ ፀሐይዋን ካየ መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ ይወስዳል፣ መሶቡን ካየ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል። ረመዳን ላይም ያው ነው። ፀሐይና መሶብን ለየብቻ ካርድ አድርጌ፣ ባለሙያው እንደ በሽተኛው እየመረጠ እንዲሰጥ ላደርገው ነው። ሙከራው አዘዞ ነው፤ እዚያ ፋርማሲ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።